እግሬ ሳፋ ውስጥ ሆኖ የሞላሁት ቅጽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት አንድ ክላሰር፣ አንድ ማኅተምና አንድ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ነበር። ሞተር ብስክሌቱ የለም። «ይመጣል» አሉኝ ዋናው አስተባባሪ አቶ ደምሴ። ጡረታ እስክወጣ አልመጣም። ሄልሜቱ ውስጥ ዛሬ ዶሮዬ እንቁላል ትጥልበታለች።

የሥራ መደቤ «የአገልግሎት ተቆጣጣሪ» ይባላል። ጎንደር ያለው ኮሌጃችን አቅም ለሌላቸው ልጆች ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጥ ነበር፤ ምግቡም ማደሪያውም በኮሌጁ ነው። ተማሪው በምላሹ በየሳምንቱ ስድስት ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ የተመደበበትን ቤት ያገለግላል። የተገለገለው ሰው በሰዓት ቅጹ ላይ ይፈርማል፤ እኔ ሄጄ አይቼ ማኅተም እመታለሁ። አገልግሎቱ ካልተሟላ ዕድሉ ይሰረዛል፣ ልጁም ወደ አገሩ ይመለሳል።

አቶ ደምሴ የሰጡኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነው። «አስቴር፣ ቁጥጥር ማለት ሳይናገሩ መድረስ ነው» አሉኝ። እኔም በዚያው ቀን ቁስቋም አንድ ቤት ሳልናገር ደረስኩ። በር የከፈቱልኝ ሴትዮ ክላሰሬን አዩና፣ አፌን ሳልከፍት እየመሩ ወስደው የመብራት ቆጣሪው ሥር አቆሙኝ። አፈርኩ። ምን ላድርግ፣ ቁጥሩን አንብቤ ጻፍኩ። «ባለፈው ወር የመጣው ሰውዬ እንዳንቺ ጨዋ አልነበረም» ብለው መርቀው ሸኙኝ። ተማሪው የት እንዳለ እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እየዋልኩ እያደርኩ ግን ለመድኩት። አይከል ላይ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ተማሪዎች እየሄዱ በርሜላቸውን ውኃ ይሞሉላቸዋል። በሪፖርቱ መሠረት አያ ታከለ የሚጨርሱት ውኃ ለአንድ ሆቴል ይበቃል። ሄጄ አጥር ሥር ተደብቄ ባይ፣ ልጆቹ ገና ከመውጣታቸው ሽማግሌው በባልዲ እየቀዱ በርበሬያቸው ላይ ይደፉታል።

«ምነው አያ?» አልኳቸው።

«ሞልቶ ካገኙት ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? ጨዋታቸው ሸጋ ነው» አሉኝ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ቅጹ ላይ «የጓሮ አትክልት ልማት» የሚል ጨምሬ ማኅተሜን መታሁ።

ሥራዬን ጥዬ ልጠፋ የደረስኩት ግን በትርንጎ ጉዳይ ነው። ትርንጎ ከደባርቅ ገጠር የመጣች፣ አዋላጅነት የምታጠና ጎበዝ ልጅ ነበረች። ይህ ዕድል ከተሰረዘ ቤተሰቧ ሌላ ቦታ የሚያስተምርበት አቅም የለውም፤ ነገሩ ያበቃለታል። የተመደበችው ጠዳ፣ እማማ ዘውዴ ዘንድ ነው። እማማ ዘውዴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። ትርንጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች፣ ቅጿም በእማማ ዘውዴ የጣት አሻራ ጥንቅቅ ብሎ ስለሚመጣ ሄጄ ሳላይ ቆይቻለሁ።

አንድ ቀን አንዲት የጠዳ ጎረቤት ቢሮ ደወለች። «የላካችኋት ልጅ እኮ ሥራ አትሠራም። ቁጭ ብላ ስትበላ ነው የምትውለው» አለች።

አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐሙስ ገምጋሚ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሂጂና በዓይንሽ እይው። እውነት ከሆነ እኔም አላድናትም» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳልናገር ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ስገባ ትርንጎ ጋቢ ደርባ መደብ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሮቿ ሳፋ ውስጥ ናቸው። እኒያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ ዘውዴ በርከክ ብለው የልጅቷን እግር ያጥባሉ። ትርንጎ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

ቅጼን ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት፣ «ምነው ቆምሽ? ከመንገድ አይደለም እንዴ የመጣሽ፣ ቁጭ በይ» ብለው እማማ ዘውዴ ጫማዬን ሳብ አደረጉት። እምቢ ብል ማን ሰምቶኝ! እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ክላሰሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ምርመራዬን ጀመርኩ።

«እማማ፣ ይህች ልጅ ምንዎ ናት?»

«እንግዳዬ ናታ። ኮሌጁ አደራ የሰጠኝ። አንድም ቅዳሜ አጉድዬባት አላውቅም፣ ይኸንንም ጻፊልኝ» አሉኝ፣ ተረከዜን እየፈተጉ።

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። የመጀመሪያ ቀን ትርንጎን ያመጣት የተማሪዎቹ ቡድን መሪ ጥድፊያ ላይ ነበር። «ኮሌጁ የላካት ችግረኛ ተማሪ ናት፤ በሳምንት ስድስት ሰዓት እርስዎ ዘንድ ትቆያለች፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ብሏቸው ሄዷል። ምን ልትሠራ እንደመጣች ሳይናገር! እሳቸውም ችግረኛ ልጅ አደራ የተቀበሉ መስሏቸው አውራ ጣታቸውን አተሙ። ያን ቡድን መሪ በዚያች ደቂቃ ባገኘው እዚያው ሳፋ ውስጥ እነክረው ነበር።

ትርንጎን ወደ ጓሮ ወስጄ ተቆጣኋት።

«እትዬ፣ መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር ይቀሙኛል» አለች። «‹እንግዳዬን ሥራ ሳሠራ ጎረቤት ቢያይ ምን ይለኛል?› ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን አፍሬ በላሁ። ሁለተኛም በላሁ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገራቸው?»

እውነትም ጉንጯ ሞላ ብሏል። ልስቅ ስል እንባዋ ወረደ።

«ያዩትን ይጻፉ። ለእማማ ግን አይንገሩብኝ። ያበሉኝ እህል እንዳስባረረኝ ቢሰሙ አይችሉትም።»

አንጀቴን በላችው። ስወጣ ያቺን የደወለችውን ጎረቤት አገኘኋት። ልትከሳት የጀመረችው ሴትዮ ሳታውቀው ጠበቃዋ ሆነች። «ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እኮ ከደጃፍ አይወጡም ነበር። አሁን ግን በየዋዜማው በከዘራ ገበያ ይወርዳሉ፣ ለእሷ ድግስ!» አለችኝ።

ቅጹ ላይ የአገልግሎቱ ዓይነት ተዘርዝሯል፤ ጽዳት፣ ውኃ መቅዳት፣ ማስጠናት፣ ማስታመም፣ ሌላ። «ሌላ» በሚለው ላይ «እንግዳ መሆን» ብዬ ጻፍኩ። ያየሁትንም ሁሉ፣ የታጠብኩትን እግሬን ጭምር፣ ሳልደብቅ በሪፖርቱ አስገባሁ።

ሐሙስ ኮሚቴው አነበበውና ሳቀብኝ። ሊቀመንበሩ መምህር ይርጋ፣ «ወይዘሮ አስቴር፣ እንግዳ መሆን የሚባል አገልግሎት የለም። ልጅቷ ትሰናበት» አሉ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «እንግዲያው ሄዳችሁ እዩዋ!» ብዬ ክላሰሩን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። አቶ ደምሴ ጣሪያ ጣሪያ አዩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ… አርብን ዘለልኩት፣ አርብ ስንጨቃጨቅ ነው የዋልነው። ቅዳሜ ሦስቱ የኮሚቴ አባላትና እኔ በአንድ ባጃጅ ታጭቀን ጠዳ ገባን። እማማ ዘውዴ ሳፋቸውን ይዘው ተቀበሉን። መምህር ይርጋ ሞታቸው ነው ጫማ ማውለቅ፤ ለካ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል። ታጠቡ። ከዚያ ተበላ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ተጨምሮለት ቀበቶውን ሲያላላ በዓይኔ አይቻለሁ።

መምህር ይርጋ እጃቸውን ታጥበው ወደ ጉዳዩ ገቡ። «እማማ፣ ይህች ልጅ ለእርስዎ ምን ሥራ ትሠራለች?»

እማማ ዘውዴ ተቆጡ። «ሥራ? እንግዳ አሠራለሁ እንዴ እኔ? ማነው ስሜን ያጠፋው?»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ጸሐፊው እያገሳ መጻፍ ጀመረ።

«ካልሠራችስ ምን ትሆናለች?» አሉ እማማ ዘውዴ፣ ብዕሩን አይተው።

«ከትምህርቷ ትሰናበታለች» አሉ መምህር ይርጋ።

እማማ ዘውዴ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «አንቺ ይኸን ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ የበላሽልኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ለመምህር ይርጋ እንዲህ አሏቸው። «ጻፍ ልጄ። ሦስቱን ሰዓት ትሥራ። ሦስቱን ግን እንግዳዬ ናት፣ እሱን አልሰጥህም።»

መምህር ይርጋ ኮሚቴውን አዩ፣ ኮሚቴው ሆዱን አየ። ጸደቀ።

ትርንጎ ብድግ ብላ መጥረግ ጀመረች። እማማ ዘውዴ እንግዳቸው ስትሠራ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ጠርጋ እስክትጨርስ ድረስ አልዞሩም። መምህር ይርጋ ሲፈርሙ እኔም ማኅተሜን መታሁ። ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ እናቶችን ታዋልዳለች።

እናንተ ሥራውን የተረከባችሁኝ ልጆች፣ ተማሪ ስትመድቡ ለባለቤቱ ልጅቷ ምን ልትሠራ እንደመጣች በግልጽ ተናገሩ። ለተማሪዋም እኔ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ስነግር የኖርኩትን ንገሯት፤ አገልግሎት የምትሄድ ቀን ቁርስ እንዳትበላ።