ሳናውቀው የተቀመጥነው ለቅሶ

ከኢጣሊያ የመጡ ወጣት ካቶሊኮች የላሊበላ ጉዟቸውን ጨርሰው ለአጭር ሱባኤ መካነ ብርሃን ወደተባለችው የተራራ መንደር ሲወጡ፣ ያስተባበርኳቸው እኔ ነበርኩ። ደንቡንም ያወጣሁት እኔው ነኝ፦ እስኪመሽ ድረስ ፍጹም ዝምታ፣ ሰላምታ እንኳን የለም።

አንገታችንን ደፍተን፣ በሰልፍ፣ ማንንም ሰላም ሳንል መንደሩን አቋረጥን። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወዳረፍንበት ግቢ ገቡና በዙሪያችን ተቀመጡ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?» አሉኝ አያ ጥሩነህ የተባሉ ሽማግሌ።

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

«አያችሁ፣ አፏ ተያዘ» አሉ ለጎረቤቶቻቸው።

ብናገር የወጣቶቹን ሱባኤ አፈርሳለሁ፤ ዝም ብል ማንም ያልሞተበት ለቅሶ ይቀጥላል። ዝም አልኩ። እንጀራና ጠላ ቀረበ። ወጣቶቹ የአገሩ መስተንግዶ መስሏቸው ፈገግ እያሉ በሉ።

«ልጆች ናቸው፤ ገና አልገባቸውም» አሉ አያ ጥሩነህ።

በመጨረሻ አንዲት ሙሾ አውራጅ ተነሡና «ኧረ ስሙን ንገሩኝ፤ ማን ብዬ ላልቅስ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። የሆነውን ሁሉ ለወጣቶቹ በእንግሊዝኛ አስረድቼ ሴትዮዋን ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ ከወጣቶቹ አንዷ፣ ጥግ የተቀመጠችው ክያራ፣ ቀደመችኝ።

«ጆቫኒ» አለች። «አባቴ ነው። ልንመጣ ስንል ሞተ፤ ለማንም አልተናገርኩም።»

ያለችውን በአማርኛ ተረጎምኩት። ሴትዮዋ ደረታቸውን እየመቱ «ጆቫኒ» ብለው ሙሾውን ጀመሩ፤ ክያራም አለቀሰች።

አያ ጥሩነህ በቁጣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ለመናገር እስከ አሁን?»