እንደ አሮጊት ትናገራለህ

ዐውደ ጥናቱ ቃሊቲ እንደሚካሄድ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። እንዲህ ያለ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ስድስት ኪሎ ወይም ቦሌ አካባቢ ነው። አዘጋጆቹ ግን ከመጋዘኖቹ ጀርባ አንድ የሥልጠና ማዕከል አግኝተው ነበር፤ አዳራሽ፣ መመገቢያ ቤት፣ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የሚሆኑ መኝታ ክፍሎች ያሉት። ከሩቅ የመጣሁት እኔ ብቻ መሆኔን ያወቅሁት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ማለዳ ከደሴ ተነስቼ ላምበረት ወረድኩ፤ ከዚያ ታክሲ እየቀያየርኩ ሳሪስ አቦን አልፌ ቃሊቲ ስገባ ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር። የሻንጣዬ ዚፕ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በሁለት እጄ አቅፌው ነው የገባሁት። ጥበቃው ቁልፍ ሊሰጠኝ ፈልጎ ትንሽ አሰበና፣ «ሕንፃው በሙሉ ባዶ ነው፣ የፈለግከውን ክፍል ያዝ» አለኝ። መንገዱን የሚያሳየውን ክፍል መረጥኩ። በመስኮቱ የከባድ መኪኖቹ ሰልፍና የባቡሩ ሽቦ ይታያል። ሌሎቹ ተሳታፊዎች በሙሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ። ጠዋት በሰርቪስ ይመጣሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በዚያው ሰርቪስ ይመለሳሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሸኛቸዋለሁ። ከዚያ መመገቢያ ቤት ገብቼ ለብዙ ሰው ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ እቀመጣለሁ። አስተናጋጇ አንድ ሰሃን ታቀርብልኝና ሌሎቹን ጠረጴዛዎች መወልወል ትጀምራለች።

ደሴ እያስተማርኩ የምማር የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የማጠናው አርጎብኛ ነው፤ እሱም ከከሚሴ ወዲያ በአንድ ተራራ ላይ ባለ መንደር የሚነገረውን። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ቋንቋው የእናቴም የአባቴም አይደለም። ያስተማሩኝ አንዲት አዛውንት ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ደሴና ጅዳ የተበተኑባቸው ሴት ነበሩ። በመንደሩ ወጣቱ የሚያወራው አማርኛና ኦሮምኛ ስለሆነ፣ እሳቸው በቋንቋቸው ከእኔ ጋር መጫወት ይወዱ ነበር። «እማማ» እላቸዋለሁ። ስሳሳት በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ከዚያ ቃሉን ደግመው ደጋግመው ያስብሉኛል። በወረቀቴ ላይ ስማቸው የለም። «መረጃ ሰጪ አንድ» ነው የሚላቸው።

በክረምቱ መካከል አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ደውሎ፣ «መምህርህ ዛሬ ተቀበሩ» አለኝ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር የደረስኩት ሰንብቼ ነው። ለቅሶ ቤቱ ገብቼ ወንዶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ዘመድ ሲገባ ሁሉም እየተነሳ ያጽናናዋል፤ እኔ ስገባ ሰዎቹ «ያ ቋንቋ የሚማረው ልጅ ነው» ተባብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ማንም ያጽናህ አላለኝም። ምን ብለው ይሉኛል? የሥጋ ዘመድ አይደለሁም። ደሴ ተመልሼ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው በጣም ደነገጠና፣ «መረጃውን ግን ሰብስበህ ጨርሰሃል አይደል?» አለኝ። ጨርሻለሁ አልኩት። ከዚያ በኋላ ለማንም አላወራሁም።

የዐውደ ጥናቱ የመጀመሪያ ቀን ስሜ የተጻፈበት ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዋልኩ። በሻይ ዕረፍት አንድ መምህር ጠጋ አለኝና ባጁን አንብቦ፣ «የማን ተማሪ ነህ?» አለኝ። የአማካሪዬን ስም ስነግረው ፊቱ በራ። አብረው እንደተማሩ፣ አማካሪዬ በወጣትነቱ እንዴት ቀልደኛ እንደነበረ አጫወተኝ። «ይመጣል አይደል?» አለኝ። ይመጣል አልኩት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። እኔም ስለ ሥራዬ ልነግረው ያዘጋጀሁትን ይዤ ቀረሁ።

አማካሪዬ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«ስብሰባ ይዞኛል፤ አንተ ብቻህን ትወጣዋለህ» አለኝ። «ስላይዱን ግን አሳጥረው። መግቢያው ላይ ያለችውን የሴትዮዋን ፎቶ አውጣት፣ ቦታ ነው የምትይዘው።»

አወጣኋት። ከስላይዱ ስትጠፋ የቀረው ነጭ ቦታ ሰፊ ነበር፤ ሠንጠረዥ አስገባሁበት።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የሚናገሩት እንግዳ ስለቀሩ ሁሉም በጊዜ ወደየቤቱ ሄደ። ክፍሌ ገብቼ ትንሽ ጋደም አልኩ። ከዚያ የሻንጣዬን ነገር አስታወስኩና የማስርበት ሲባጎ ልገዛ ወጣሁ። ከዋናው መንገድ ዳር የመኪና ዕቃ ቤቶች ተደርድረዋል። ሾፌሮች ጎማ ሥር አጎንብሰዋል፣ ረዳቶች ጭነት ላይ ሆነው ሸራ ይወጥራሉ። ሁሉም ሰው የሚጠራው ሰው አለው። ገመድ የተንጠለጠለበት አንድ ሱቅ አየሁና ገባሁ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል።

«ሲባጎ አለዎት፣ አባባ?»

«ምን ልታስርበት ነው?»

«ሻንጣ።»

«ለሻንጣ ቀጭኑ ይበቃሃል» አሉና ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል ሊያወርዱ ተንጠራሩ። ጥቅሏ ከእጃቸው አመለጠችና መሬት ላይ እየተንከባለለች እግሬ ሥር መጣች። ሽማግሌው ወደ ጥቅሏ እያዩ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል በዝግታ አንድ ነገር ተናገሩ። በአማርኛ «እጄ ምን አደረገሽ?» እንደማለት ነው። የተናገሩት ግን በአማርኛ አልነበረም።

እማማ ማንኪያም ሆነ ክር ከእጃቸው በወደቀ ቁጥር እንዲሁ ይሉ ነበር። የእኔ ተራ ደግሞ፣ «ምንም አላደረገኝ፣ መሬት ናፍቆኝ ነው» ብሎ ስለ ዕቃው መመለስ ነው። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ጥቅሏን እያነሳሁ መለስኩላቸው።

ሽማግሌው እጃቸው መደርደሪያው ላይ እንደተሰቀለ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና በዚያው ቋንቋ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«ከዚያ አይደለሁም፤ ቋንቋውን ተምሬው ነው» አልኳቸው።

«ከማን?»

የእማማን ስምና የመንደሩን ስም ነገርኳቸው። እማማን አያውቋቸውም፤ መንደሩ ግን ከእሳቸው መንደር ፊት ለፊት ካለው ገደል ማዶ ነው። በወጣትነታቸው በከባድ መኪና ረዳትነት ወጥተው ሾፌር ሆነው ኖረዋል፤ ሲደክማቸው እዚህ ሱቅ ከፈቱ። ከባንኮኒው ኋላ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝና አወሩኝ። እኔ ስመልስ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይታገላሉ። በመጨረሻ አልቻሉም፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው።

«አላጠፋህም። እንደ አሮጊት ትናገራለህ!» አሉኝ። «አፍህን ስትከፍት እናቴ ናት የምትመጣው። ጎረምሳ እንዲህ ብሎ አያወራም።»

እኔም ሳቅኩ። ለዓመታት ቋንቋውን ስማር ከእማማ በቀር አፍ የሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ አነጋገራቸውን ከነማባበላቸው፣ ከነጉርምርምታቸው ወስጄው ኖሯል። አንድም ሰው ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ሽማግሌው አንዳንድ ቃል ይጠፋቸዋል። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚነፍሰውን ነፋስ ስም ፈልገው አጡት፤ እኔ አስታወስኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት።

«ባለቤቴ ካለፈች ወዲህ የማወራው ሰው የለኝም» አሉ። «ልጆቹ እዚህ ነው ያደጉት፣ አማርኛ ነው አፋቸው። እኔም አሁን እንደሰማኸኝ ከዕቃ ጋር ነው የማወራው።»

መቅጃዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልማድ ነውና፣ «ድምፅዎን ብቀዳ ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው።

«ወስደህ ምን ታደርገዋለህ?»

«አጠናዋለሁ። ይቀመጣል።»

«እኔ ተቀመጥኩልህ አይደል» አሉኝ። «ይልቅ ተጫወት።»

መቅጃውን ትቼ ተጫወትኩ። ሾፌሮች እየገቡ ገመድና ሸራ ይጠይቃሉ። ሽማግሌው በአማርኛ ያስተናግዷቸውና ወደ እኔ ሲዞሩ ወደዚያኛው ይመለሳሉ። አንዱ ሾፌር በሁለታችን መካከል ቆሞ፣ «አባባ፣ ልጅዎ ነው?» አላቸው። ሽማግሌው ዕቃውን ብቻ አቀበሉት።

ልወጣ ስነሳ፣ «አስተማሪህ እንዴት ናት? ደህና ናት?» አሉኝ።

በክረምት እንዳረፉ ነገርኳቸው። ከእማማ ሌላ ከሰው ጋር አውርቼበት ስለማላውቅ በዚያ ቋንቋ መሞትን ለሰው እንዴት እንደሚናገሩት ግራ ገብቶኝ ተንተባተብኩ። እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሱ። ባንኮኒውን ዞረው መጥተው ሁለት እጆቼን ያዙ።

«አላህ ይርሐማት» አሉ። «ሰብሩን ይስጥህ፣ ልጄ። ከባድ ነው። አፍህን የሰጠችህ እኮ ናት።»

አሜን ማለት አቅቶኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። እጆቼን ሳይለቁ እንደ ለቅሶ ቤት ደንብ ብዙ ቆዩ። ስለ እማማ ዕድሜ ጠየቁኝ፣ ታመው እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ማን እንዳስታመማቸው ጠየቁኝ። የማውቀውን ሁሉ መለስኩ። ወደ ማዕከሉ ስመለስ የከባድ መኪኖቹ አቧራ ፊቴ ላይ እንደተለጠፈ ታውቆኝ በመሀረብ ጠረግሁት።

በሦስተኛው ቀን የእኔ ተራ ከምሳ በኋላ ነበር። ሰርቪሱ በጊዜ ይነሳል ተብሎ ስለተወራ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። ያሉትም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሠንጠረዦቼን አንድ በአንድ አሳየሁ። ስጨርስ ከፊት ያሉ አንዲት ፕሮፌሰር በትሕትና እጃቸውን አነሱ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ግን የመረጃ ሰጪዎችህ ቁጥር አላነሰም? ይህ ክፍል በስንት ሰው ላይ የተመሠረተ ነው?»

«በአንድ» አልኩ። «እማማ እላቸው ነበር። በክረምት አርፈዋል።»

እንዲህ ልመልስ አላሰብኩም። ፕሮፌሰሯ ብዕራቸውን አስቀመጡና አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያው ቅጽበት መድረክ መሪው ሰዓቱን ተመልክቶ፣ «እናመሰግናለን፣ ቀሪውን በዕረፍት ሰዓት መወያየት ይቻላል» አለ። የዕረፍት ሰዓት አልነበረም። ሰዎቹ ተነሱ። ፕሮፌሰሯ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩኝና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፤ ከኋላቸው ያለው ሰው ሲገፋ ወጡ።

ሰርቪሱ ሲሄድ በር ላይ አልቆምኩም። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሽማግሌው በርጩማውን ቀድመው አውጥተውት ነበር። ሱቁን እስኪዘጉ አብሬያቸው ቆየሁ። ስለ ዐውደ ጥናቱ አልጠየቁኝም፣ እኔም አላወራሁም። ስለ ተራራው፣ ስለ ሙሽሮች፣ ስለ ነበረቻቸው ሰነፍ በቅሎ ነው ያወራነው። ስንለያይ ስልክ ተለዋወጥን፤ ቁጥሬን በስልካቸው ላይ የመዘገበላቸው ጎረቤት ባለሱቅ ስሜን ሲጠይቃቸው «አሮጊቷ በለው» አሉት። በነጋታው ወደ ደሴ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚደውሉት። በኋላ ጆሯቸው እየደከመ ስልክ አስቸገራቸው፤ የምለውን ግማሹን አይሰሙትም፣ እኔም ደጋግሜ ስጮህ ወሬው ለዛውን ያጣል። በዚህ ዓመት ሴት ልጃቸው ሱቁን አዘግታ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ደረጃው ስለሚከብዳቸው እምብዛም አይወርዱም። ከመስኮት ሆነው የሚያዩትን ይነግሩኛል፤ የተሰጣ ልብስ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች። ልጃቸው አንድ ጊዜ ስልኩን ተቀብላ፣ «ምን እያልከው ነው እንዲህ የሚስቀው?» አለችኝ። ስተረጉምላት የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

አሁን የምንደዋወለው እሁድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ነው። አንዳንዴ የምንለው አልቆብን ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ የልጅ ልጆቻቸው ቴሌቪዥን ይሰማኛል፣ እሳቸው ደግሞ እኔ ጋ ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም። ከኪራይ ክፍሌ ብዙ ድምፅ አይወጣም። ባለፈው እሁድ ስልኩን ስዘጋ አከራዬ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«በምን ቋንቋ ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ከዚያ ሚስት ልታመጣ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«አይ፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ አዲስ አበባ ነው ያሉት።»

«ዘመድህ ናቸው?»

አከራዬ መልሱን ሳይጠብቁ ልብስ ሊያሰጡ ሄዱ። እኔም ምሳዬን ለማሞቅ ተነሳሁ።