ከራሴ ፎቶ ሥር

ክሎኒንግን በየዓመቱ የማስተምረው በወንድሜ ነበር። የካ አባዶ ያለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባክቴሪያ ውስጥ ስለሚባዛ ዘረመል፣ በብልቃጥ ስለሚራባ ሕዋስ፣ ከአንዲት ሕዋስ ስለተገኘች በግ ሳወራ ክፍሉ በሙሉ ያዛጋል። ስለዚህ መንትያዬን እጠራዋለሁ። አንድ ጽንስ ለሁለት ተከፍሎ የተወለድን፣ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችን ክሎኖች ነን። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰን ሰሌዳው ፊት እንቆምና ተማሪዎቹ አስተማሪያቸውን ለመለየት ይሞክራሉ። አብዛኛውን ጊዜ እሱን ይመርጡታል። ከእኔ ይልቅ እሱ አስተማሪ ይመስል ነበር፣ ምን ይደረግ።

የማትሳሳተው እናታችን ብቻ ናት። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቤቷ ስንደርስ ገና በኮቴያችን ትለየናለች። "ዘረመላችን እኮ አንድ ነው፣ ልዩነት የለንም" ስላት፣ "ሂድ ወዲያ! የወለድኳችሁ እኔ ነኝ" ትለኛለች።

አምና ክረምት የወንድሜ ልብ ድንገት ቆመ። ሕመም አላውቅበትም ነበር። ድንኳኑ እናቴ ደጅ ተተከለ፤ ጭጋጉ ከተራራው አልነሣ ብሎ ሸራው ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። የአጎታችን ልጅ ጉርድ ሾላ ሮጦ ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ፣ ፍሬም አስገብቶ መጣ። ሲሰቅለው ቀና ብዬ አየሁ። እኔ ነኝ። ለፋሲካ የተነሣሁትን ፎቶ ከስልኩ መርጦ የወንድሜ መስሎታል። ቆሌዬ ተገፈፈ። ልናገር ስል ዘመድ ፎቶው ፊት ደረቱን መድቃት ጀመረ። መልካችን ያው፣ ማን ይለየዋል ብዬ ዝም አልኩ። ከራሴ ፎቶ ሥር ተቀምጬ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ስባል ዋልኩ።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። ደግፈው ፎቶው ፊት ሲያቆሟት ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። ሴቶቹ "ምን ነካት፣ እንዲህ ትደርቅ?" እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ተናደድኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ እንባ ያልወጣለት ሐዘን ሰው ይጥላል፣ እሷንም ማጣት አልችልም።

በሠልስቱ ድንኳኑ ፈረሰ። ፎቶውን አውርጄ ይዤ ስገባ እናቴ ብቻዋን ተቀምጣለች።

"ወዲያ አርግልኝ እሱን" አለችኝ።

"ለምን እማዬ?"

"አንተ ነሃ። ቆሞ በሚሄድ ልጄ ላይ ሙሾ ላውርድ? ሟርት ነው። አንዱን ቀብሬ በሌላው እንዳላሟርት ብዬ ነው የቻልኩት።"

ፎቶውን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እኔ እኮ አስተማሪው ነኝ፤ መልካችን አንድ ነው ብዬ ለቅሶዋን ሰው ሁሉ ፊት አስቀረሁባት።

"ታዲያ ምነው ሳትናገሪ?"

"ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ? ያስ ልጅ፣ ለፍቶ ያመጣው፣ አያፍርም?" አለች። "በል፣ አሁን የሱን አምጣልኝ።"

ስልኬን በረበርኩ። እሱ ብቻውን የተነሣው አንድም የለኝም። ያገኘሁት ተማሪዎች ሰሌዳው ፊት ያነሡንን ነው፤ ጎን ለጎን ቆመን፣ ሸሚዛችን አንድ፣ ሳቃችንን አፍነን። ሰጠኋት። ለመለየት እንኳ ጊዜ አልፈጀባትም። የእኔን ፊት በአውራ ጣቷ ሸፈነችና ማልቀስ ጀመረች።