የግማሽ ዋጋ ግቢ

አባቴ ሲሞት የተወልን ሀብት አንድ ግቢ ነው። ቢቸና ውስጥ፣ ወደ ሞጣ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በእሾህ የታጠረ ሰፊ ሜዳና አንዲት ጎጆ። በዚያ ዘመን መኪና በበጋ ቢቸና ድረስ እየተንገታገተ ይመጣል እንጂ ከዚያ ወዲያ ጭነት ሁሉ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር የሚሄደው። ሲራራ ነጋዴው ሲመሽበት እኛ ግቢ ይገባል፤ ጭነቱን ያወርዳል፣ ድንኳኑን ይተክላል፣ ከብቶቹን ያስራል፣ ጠዋት ለእያንዳንዱ ከብት ዐሥር ሳንቲም ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኛ ውኃ እናቀርባለን፣ ሳር እንሸጣለን፣ ሌባ እንጠብቃለን። የምንበላውም የምንለብሰውም ከዚያ ነበር።

መሬቱ ግን የእኛ አልነበረም። ባለርስቱ የዓመቱን ኪራይ በፋሲካ ይቀበላል፤ ያልከፈለ ይለቃል። ከለቀቅን የምንሄድበት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሞጣ፣ አጎቴ ቤት። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ "ኑ፣ አንድ ጥግ አላጣላችሁም" እያለ ይልክብን ነበር። ከጥጉ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር አብሮ ይመጣል፤ ለእኔ ባል አግኝቷል። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ ከብት የሞላው ገበሬ ነው አሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በዚያ ላይ ከወንዶቹ መሐል ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ያ የእሾህ አጥር ለሌላው ሰው የከብት ማደሪያ ነው፤ እኔን ግን ከዚያ ሰውዬ የለየኝ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ እኔም እናቴም አንድ ቀን እንኳ አልረሳነውም።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ከገበያው በታች ሌላ ማደሪያ ተከፈተ። ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ አለው፤ ምንጩም ደጃፉ ላይ ነው። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ወረዱ። እናቴ ኩሩ ሴት ነበረች። "ግድ የለም፣ ይመለሳሉ" አለች። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ማንም አልተመለሰም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግቢያችን ውስጥ ሳሩ ሳይረገጥ ማደግ ጀመረ።

አንድ ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች "ዋጋውን በግማሽ እቀንሳለሁ" አለችኝ። "ሽንኩርት ሻጯ እንኳ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀንሳ፣ ጨርሳ ትገባ የለ?"

እኔ በደስታ ዘለልኩ። ከቢቸና ሴቶች ሁሉ ብልሃተኛዋ የእኔ እናት መሰለችኝ።

በገበያው ቀን እኔን አስከትላ ነጋዴዎቹ ጭነት የሚያስሩበት ቦታ ሄደች። አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን አታደርገውም ነበር፤ ወንድ መሐል ቆማ መናገር አትወድም። ፊቷ ቀልቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኛ ጋ በከብት አምስት ሳንቲም ነው" አለች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀና "እግዜር ያጽናሽ" አላት። ሌላውም "አይዞሽ፣ ያልፋል" አለ። እናቴ ለአባቴ መስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም መስሎኝ ነበር። እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው ብለን ተመለስን።

ማታ ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እናቴ "ሳሩን በነጻ እሰጣለሁ" ብላ ደግሞ አስነገረች። ይባስ ብሎ፣ አልፎ አልፎ ይመጡ የነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎችም ቀሩ። መንገደኛው በራችን አጠገብ ሲደርስ በቅሎዎቹን ጎትቶ ወደ ማዶው ዳር ያሻግራል፤ ልጆች መቃብር አጠገብ ሲያልፉ እንደሚያደርጉት። እኔ በር ላይ ቆሜ "እዚህ ይሻላል! ግማሽ ዋጋ ነው!" እያልኩ እጮህ ነበር። በጮህኩ ቁጥር እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። የሠራነውን በደል ብንፈልግ፣ ብንፈልግ አጣነው። እናቴ መብላት ተወች፤ ጾም ነው እያለች ታታልለኝ ነበር።

ከአባቴ ወዳጆች አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሞጣ እስከ ዓባይ ድልድይ የሚመላለስ የነጋዴ ጓድ አለቃ። አባቴ እያለ ሌላ ቦታ አድረው አያውቁም። አንድ ከሰዓት እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ሊያልፉ ሲሉ እናቴ እየሮጠች ሄዳ የበቅሏቸውን ልጓም ያዘች።

"ምን በደልንዎ? ይንገሩኝና ልወቀው!"

ሽማግሌው ከበቅሏቸው ወረዱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እኔ የብዙ ሰው ከብት ይዣለሁ። አንቺስ ቢሆን ግቢሽን ዘግተሽ ምን ትበያለሽ? አልፈርድብሽም። ስንት ሞተብሽ?" አሏት።

"ምኑ?"

"በቅሎው ነዋ።"

"የምን በቅሎ?" አለች እናቴ። እሳቸውም ግራ ተጋቡ። ከዚያ በመንገድ ላይ እንደቆሙ፣ ነጋዴው ሁሉ የሚያውቀውንና ለእኛ ማንም ያልነገረንን ነገር ነገሩን። የጋማ ከብት በሽታ የገባበት ማደሪያ ባለቤቱ አይዘጋውም፤ ከዘጋው ይራባል። በአፉም አይናገረውም፤ ነውር ነው። ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። ሐቀኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያስታውቀው። ነጋዴውም ይገባዋል፣ "እግዜር ያጽናህ" ብሎ ያልፋል። አባቴ በነበረበት ዘመን ሁሉ ዋጋው ከዐሥር ሳንቲም ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ እናቴ ይህን የምትማርበት አጋጣሚ አልነበራትም።

"በሽታ የለም!" አለች እናቴ። "በልጄ ይሁንብኝ፣ አንድም አልሞተም! ነገውኑ ወደ ዐሥር እመልሰዋለሁ።"

"አሁን ብታነሺውማ ደበቀች ይሉሻል። ያን ጊዜ ለዘላለሙ አለቀልሽ" አሉ ሽማግሌው።

ቀንሳ ጠፋች፣ ብትጨምርም ልትጠፋ ነው። እኒያ ሁሉ ጢማም ወንዶች "ለምን ቀነስሽ?" ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳቸው ነበር? እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካ የሽማግሌውን እግር ያዘች። እሳቸው አንድ ሌሊት ብቻ ቢያድሩ፣ ሌላው አይቶ እንደሚከተል ታውቃለች። ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ "ከዓባይ ስመለስ፣ ለሆሳዕና ዋዜማ እዚህ አወርዳለሁ። ቃሌ ነው" ብለው አስነሷት። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ከሆሳዕና እስከ ፋሲካ ያለው ሳምንት የገበያ ሳምንት ነው፤ ግቢው ከሞላ ኪራዩ ይወጣል።

ሽማግሌው ሊመለሱ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው፣ አመሻሽ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው በቅሎዎቹን እየነዳ በራችን ቆመ። ዋጋ አልጠየቀም፣ አልተከራከረም። ቀጥ ብሎ ገባና ከአጥሩ ጥግ፣ ከጎጆው ርቆ ከብቶቹን አሰረ። እናቴ ከደስታዋ የተነሳ እግሩን ልታጥበው ምንም አልቀራት። እኔም ውኃ እየቀዳሁ አመላለስኩ። የሽማግሌው ቃል ተሰምቶ መሆን አለበት፣ ዕድላችን ተመለሰ እያልኩ።

ሲነጋ አንደኛው በቅሎ ተጋድሞ ነበር። ከአፍንጫው መግል ይወርዳል፤ አንገቱ አብጧል፤ ትንፋሹ ይሰማል። እናቴ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሰውየው ደነገጠ። "እሜቴ፣ ለዚሁ አይደል እንዴ ግቢው? ታች ያለው ማደሪያ አላስገባም ብሎ አባረረኝ። 'ወደ መበለቲቱ ሂድ፣ እሷ የታመመ ከብት በግማሽ ዋጋ ታሳድራለች' አሉኝ። እያወቁ ያስገቡኝ መስሎኝ ነው።"

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልቻልኩም። የበቅሎውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ እያለቀሰ ነበር። የእሱም ሀብት እነዚያ በቅሎዎች ብቻ ነበሩ። ያኛው በዚያው ቀን፣ ሁለተኛው በማግስቱ ሞተ። የሞቱትን ጎትተን ገደል ከተትናቸው፤ ቀሪውን አርቅልን ብለን ስንለምነው ይዞ ሄደ። አጥራችን ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ከእኛ በቀር ያየ የለም።

በሆሳዕና ዋዜማ ሽማግሌው እንደ ቃላቸው መጡ። በቅሎዎቻቸው ጨው ጭነው፣ አንዷ ዳማ በቅሎ ከፊት እየመራች በራችን ላይ ቆሙ። ከኋላቸው፣ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ሌሎች ነጋዴዎች ቆመው የሚያደርጉትን ያያሉ። እሳቸው ካወረዱ እነሱም ሊያወርዱ። ሽማግሌው የጭነቱን ጠፍር መፍታት ጀመሩ።

የእናቴን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ። "እማ፣ ዝም በይ" አልኳት። "እባክሽ። አንድ ሌሊት ነው። እባክሽ ዝም በይ።"

ጠፍሩ እስኪላላ ድረስ እውነትም ዝም ብላ ነበር። ከዚያ በቁጣ፣ ጥፋተኛው እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ ጮኸች።

"አያውርዱ! አያውርዱ አልኩ! ሁለት ሞቷል፣ ሳምንት አልሞላውም። ይሂዱልኝ! ከፊቴ ይጥፉልኝ!"

ሽማግሌው ጠፍሩን መልሰው አጠበቁ። ከኋላ የቆሙት ያንን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀመጠች። እኔ እናቴን ያን ጊዜ ጠላኋት። ብዙ ዓመት ጠልቻት ኖሬአለሁ። ትክክል እንደነበረች ያኔም አውቀው ነበር፤ የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

ፋሲካ መጣ፤ ባለርስቱ ግቢውን ለሌላ ሰጠ። ሞጣ ገባን። አጎቴ እንዳለውም ጥግ ሰጠን፣ ሠርጉንም ለግንቦት ቆረጠ። ሙሽራዋ የምትቀመጥባት በቅሎ ስትፈለግ ሽማግሌው ሰምተው ዳማዋን ራሳቸው እየሳቡ አመጡ። ኪራይ ሲጠየቁ ተቆጡ። "የእናትሽ ውለታ አለብኝ፤ እሷ ባትናገር ይህች በቅሎ ዛሬ አትኖርም ነበር" አሉኝ። ውለታ መመለሳቸው ነበር፤ ፊታቸው ሁሉ በርቷል። እናቴ ወደ በቅሎዋም ወደ እኔም ማየት አልቻለችም።

ሰዎች አንሥተው አስቀመጡኝ። በቅሎዋ ጤነኛ ነበረች፤ እርምጃዋ ለስላሳና ፈጣን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን።