የቱና ጎሳ

የማጠናው የውቅያኖስ ቱናን ነው። ከክንፉ ትንሽ ቆርጬ የዘረመል ምልክቶቹን አይና፣ በአንድ ባሕር የሚጠመዱት ዓሦች እርስ በርስ የሚዋለዱ ናቸው ወይስ ለየብቻ የሚባዙ ሁለት ወገኖች የሚለውን እለያለሁ። ካልተለዩ የዓሣ አጥማጅ መርከቦች አንዱን ወገን ጠርገው ሊጨርሱት ይችላሉ። ቤተሰቤ ወዳለበት ወላይታ ሶዶ በመጣሁ ቁጥር ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

"ቱና ያው ቱና ነው፤ ደግሞ የጣሳ ዓሣ ምን ጎሳ አለው?" ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ከጎረቤት ወረዳ ከሁምቦ አንዲት ልጅ ወደደ። ሽማግሌዎች ጎሳዋን ሲጠይቁ ከእኛው ጎሳ ሆና ተገኘች። በወላይታ የአንድ ጎሳ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ይኼኔ ቤተሰቡ በሙሉ ዞሮ እኔ ላይ መጣ።

"በዚያ ማሽንሽ አይተሽ 'አይዛመዱም' በይልን" አለች አክስቴ።

እኔ የምመረምረው ዓሣ ነው፣ ሰው አይደለም አልኩ። ብመረምርስ ሽማግሌ የሚጠይቀው ጎሳ ነው፣ የላብራቶሪ ወረቀት አይደለም አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

"ባሕር ሙሉ ዓሣ በየጎሳው ስትለዪ ከርመሽ፣ ሁለት ሰው አቃተሽ?"