አናጢው ተነሥቶ የወጣበት ትምህርት

የሕግ ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ጋሽ ጻፉ» ነው። ክፍል ይገባል፣ ኮቱን ወንበር ላይ ይሰቅላል፣ «ጻፉ» ይላል፤ እነሱም ይጽፋሉ። የውል ሕግን እንዲህ ሲያስተምር ጠጉሩ ሸበተ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይን አፋር ነው። ከወረቀቱ ቀና ካለ ሰው ያየዋል፣ ሰው ካየው ደግሞ ምላሱ ይተሳሰራል።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ባሕር ማዶ ካለ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት ጋር አስተማሪ ለመለዋወጥ ተስማማና አንዲት እንግዳ መምህርት መጣች። ቋንቋችንን እየተንተባተበች ትናገራለች፣ ግን አታፍርም። በእሷ አገር ተማሪው ችግር የገጠመውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ አዳምጦ ነው ሕግ የሚማረው። «እዚህም እንሞክረው» አለች።

የትምህርት ቤቱ ሃላፊ ሐሳቡን ወደደው። ጋሽ ጻፉን ጠርቶ፣ «መጀመሪያ አንተ ታሳያለህ። ካልሆነልህ ግን ትምህርቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት። ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «ምን ያስፈራሃል? ሰው እንጂ ጅብ አይደለም» አለችው።

«ጅብማ ጥያቄ አይጠይቅም» አላት።

ቀኑ ደረሰ። የመጣው ባለጉዳይ አናጢ ነው። ቁም ሣጥን ሠርቶ ሲጨርስ ደንበኛው «ያዘዝኩት ይህን አይደለም፣ አልረከብም» ብሎታል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ እንግዳዋ ከኋላ።

«እንጨቱን የመረጠው ራሱ ነው፤ ከዚያ ሚስቱ መጥታ...» ብሎ አናጢው ገና ሲጀምር ጋሽ ጻፉን ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ሕጉን በቃሉ ያወርደው ጀመር። ውሉን ያፈረሰ ወገን ኪሣራ ይከፍላል፣ ይህን ያደረገ እንዲህ ይሆናል... ትንፋሽም አልወሰደ።

አናጢው ቆቡን አነሣ። «እሺ ጌታዬ። ከተፈረደብኝ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ወጣ።

አንዷ ተማሪ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሽ ጻፉ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ትምህርቱ ከእጁ እንደወጣ አወቀ። ግን ከዚያ ይልቅ የሰውዬው ጎበጥ ያለ ጀርባ አላስቀምጥ አለው። ምስኪን፣ ሣጥኑን ታቅፎ ሊቀር ነው! ብድግ ብሎ ሮጠ።

ደረጃው ላይ ደረሰበት። «ቆይ ወንድሜ! እኔ ዳኛ አይደለሁም። ማንም አልፈረደብህም።»

«ታዲያ ያ ያወረዱት ሁሉ ምን ነበር?»

«ፍርሃት ነው።»

አናጢው ትክ ብሎ አየውና ሳቀ። «እኔስ ፈርቼ አይደል የተነሣሁት!»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ጻፉ ስለ ልጆቹ ጠየቀው፣ ስለ ሥራው ጠየቀው። ኋላ፣ «እስቲ ነገሩን ከሥር ጀምረህ አጫውተኝ» አለው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ለካ የደንበኛው ሚስት መጥታ «በሩን መስተዋት አድርገው» ብላው ኖሯል፤ ባልየውም አጠገቧ ቆሞ በእሺታ ራሱን እየነቀነቀ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ከላይም ከታችም ተደረደሩ። «ስትነግርህ ሌላ የሰማ ሰው ነበር?» አለች ያቺው ሳቂታ። አሁን አልሳቀችም።

እንግዳዋ ጠጋ አለች። «እኛ አገር ሰው ገና ሳይቀመጥ ‹ችግርህ ምንድነው?› እንላለን። ስለ ልጆቹ አንጠይቅም። ይህን ለተማሪዎቼ ይዤላቸው እሄዳለሁ።»

«እኔ እኮ የምለው ጠፍቶኝ ነው» አላት።

«ይሁን። ሰውየው ግን ተናገረ።»

ሃላፊው ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። «ክፍል እያለ ደረጃ ላይ መኮልኮል ምን የሚሉት ነው?»

ተማሪዎቹ አናጢውን ከበው ጥያቄ ያዘንቡበታል፤ ጋሽ ጻፉም አገጩን ይዞ ያዳምጣል። ሃላፊው ጥቂት ቆሞ አየና፣ «በል፣ ትምህርቱ ያንተው ነው» አለው። «ለአላፊ አግዳሚው ግን መንገድ ልቀቁ።»