ሽማግሌ የላከው ኮስት ጋርድ

ሁለቱ ሽማግሌዎች እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ አትላንታ አጠገብ ስማይርና ያለው አፓርታማችን በር ላይ ሲቆሙ ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ነበር። ምን ሌላ ሊመስለኝ ይችላል? አንደኛው ድሮ መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ፣ እዚህ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ሌላው ከእኔ ጋር ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ እንደ እኔው የኮምቦልቻ ልጅ፣ የልብ ወዳጄ ነው። ሐጂ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ወዳጄ ደግሞ ለብሶት አይቼው የማላውቀውን ሱፍ በከረባት ግጥም አድርጓል። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ብላቸው ሐጂ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ አልቀመጥም ካለ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ደሜ ፈላ። ልጄ ኮሌጅ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። የትኛው ጎረምሳ ነው እንዲህ የደፈረኝ? ባለቤቴን ዞር ብዬ ባያት ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላለች። አውቃለች ማለት ነው! ልጅቷ ደግሞ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ቆማ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"እንግዲህ" አልኩ፣ እንደምንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የልጁ አባት ማነው? አገሩስ ወዴት ነው?"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወዳጄን አዩት። ወዳጄ ጣሪያውን አየ።

"ልጅ እንኳ የለም" አሉ ሐጂ። "የመጣነው ለኮስት ጋርድ ነው።"

"ለማን?"

"የአሜሪካን ባሕር ዳርቻ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራዊት። ልጅዎ እዚያ መግባት ትፈልጋለች። እርስዎን ደፍራ መጠየቅ ቢያቅታት እኛን ላከች።" ሐጂ በሌላ ቀን አንተ ነው የሚሉኝ፤ ያን ቀን ለወጉ ሲሉ እርስዎ አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴ ግን ቀደመው። ኧረ በአላህ! በገዛ ልጁ ሽማግሌ የተላከበት አባት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለባል ሲላክ ነው የማውቀው፣ ለመርከብ ሽማግሌ የሚልክ ማነው? አፌን ከፍቼ ልጮህ ስል ልጅቷ በሩን ከፍታ ወጣች።

"አባዬ፣ የአንተን ፊርማ እንኳ አይጠይቁኝም፣ ዩ ኖው? አሥራ ስምንት አልፎኛል። ነገ ሄጄ ሳይን ማድረግ እችላለሁ። ግን ያለ ዱዓህ አልሄድም። እምቢ ካልክ እቀራለሁ።"

ይቺን ስትል ጨጓራዬን ላጠችው። ብትጮህብኝ፣ ጥላኝ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር። ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን ዱዓ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ቀርታ ዕድሜ ልኳን ቅር ቢላትም እኔው ነኝ። እንዴት ያለች ተንኮለኛ ናት! በእኔ ወጥታ ነው፣ ምን አደርጋለሁ።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነብኝ በባሕሩ ምክንያት ነው። እኔ ባሕር አልወድም። አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ ያረፍኩት ባሕር ዳር ያለ ከተማ ነበር፤ ብዙም ሳልቆይ ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። አትላንታን የወደድኳት ባሕር ስለሌላት ነው ስላቸው ሰዎች ይስቃሉ፤ ወላሂ እውነቴን ነው።

ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሊሻገር በጀልባ ተሳፍሮ ነበር። ከዚያ ሳውዲ ሊገባ፣ ሠርቶ ሊያልፍለት። ጀልባዋ መሐል ላይ ተገለበጠች። ይህን የነገረን በጀሪካን ተንሳፍፎ የተረፈ አንድ ልጅ ነው። "ስንጮህ አደርን፣ ማንም አልመጣም" አለን። ሬሳ ሳናይ ሰገድንበት። እኔ ከዚያ ወዲህ ባሕር ሲባል የሚታየኝ ውኃ ሳይሆን ያ ጩኸት ነው።

ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። በዚያ ላይ ሌላም ነገር ነበረ። ከሄይቲ በጀልባ የሚመጡትን ሰዎች ኮስት ጋርድ እያስቆመ ሲመልስ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። "ልጄ ወንድሜን የመሰሉትን እየመለሰች እንጀራዋን ልትበላ?" አልኩ። ልጅቷ አለቀሰች፣ ባለቤቴም አለቀሰች። ሐጂ "አብሽር፣ አንቸኩል" አሉና ቀጠሮ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ሽማግሌ ቀጠሮ አይነፈግም። "ዘሩን ላጣራና ልንገራችሁ" አልኳቸው። ከዚያ ተቀመጡ፣ በሉም።

ዘር ማጣራቱን የምሬን ነበር። በሳምንቱ ታክሲዬን ማሪዬታ አንድ ፒዛ ቤት አጠገብ ፓርክ አደረግኩና ወደሚመለምሉበት ቢሮ ገባሁ። ሰማያዊ የለበሰች ወጣት ሴት ተቀበለችኝ። እንደ አማች ጠያቂ "አባታችሁ ማነው?" ብዬ ልጀምር አልኩና በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? "አለቃችሁ ማነው፣ መከላከያ ነው?" አልኳት።

"አይደለም" አለችኝ። በሰላም ጊዜ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ነን፣ ጦርነት ከመጣ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከባሕር ኃይል ሥር እንገባለን አለች። ትራንስፖርት! እኔስ ምን ሆኜ ነው ታክሲ ይዤ የምዞረው? ለካ ዘመዶች ነን። (ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲያዛውራቸው ወዳጄ "አማችህ አባት ቀየረ" ብሎ ሲስቅብኝ ከረመ።)

ዳርቻው በሙሉ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል አዛዥ አለው፣ ከሥሩ ትንንሽ ጣቢያዎች አሉ አለችኝ። እኔ ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ ብዬ ያዝኩት። ትልልቆቹ መርከቦች ርቀው ይሄዳሉ፣ የጣቢያዎቹ ጀልባዎች ቅርብ ቅርቡን ይጠብቃሉ። የመርከቦችን ደኅንነት ይፈትሻሉ፣ ኮንትሮባንድ ይይዛሉ፣ ዘይት ሲፈስ ያስጸዳሉ፣ መርከብ መንገድ እንዳይስት መብራትና ምልክት ይተክላሉ። የጠፋ ሰው ይፈልጋሉ። ባለቤቴ አደራ ያለችኝንም ጠየቅኩ፦ አሳማ በግድ ያበላሉ ወይ? ሴትዮዋ ሳቀችና ማንም በግድ አይበላም አለችኝ። ከዚያ እኔ እያጉረመረምኩ ስወጣ "ለምን ሳቫና ወደብ አካባቢ ሄደው አንዱን ጣቢያ አያዩም?" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድን፤ አራት ሰዓት ያህል ልጄ ነዳች። ጣቢያው ትንሽ ናት፤ ነጭ ቤት፣ ምሰሶ ላይ የታሰሩ ጀልባዎች። ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው አንድ ሽበታም ኃላፊ ወጥቶ ተቀበለን። ጀልባዎቹን አሳየን፤ ለይምሰል ራሴን እየነቀነቅኩ አየሁ። ቀጥሎ አንድ ጠባብ ክፍል አስገባን። የልጄ እኩያ የምትሆን ልጅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሬዲዮ ፊት ተቀምጣለች። "ሌሊትም ቀንም ይህ ወንበር ባዶ አይሆንም" አለ ሰውየው። "ድረሱልኝ የሚል ካለ እንሰማለን፣ ወዲያው እንወጣለን።"

ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አለ? ተቀምጦ የሚጮኽ ሰው መስማት? ግን እኔ የመጣሁት ላፋጥጠው ነው፤ አልለቀውም አልኩ።

"ስደተኞች የጫነች ጀልባ ብትገለበጥ ምን ታደርጋላችሁ?"

"መጀመሪያ ሁሉም ከውኃ ይወጣል። ውኃ ውስጥ ላለ ሰው ወረቀት አይጠየቅም።"

"ከዚያስ?"

ሰውየው ዓይኔን አየኝ። ሊዋሸኝ ይችል ነበር። "ከዚያ አብዛኞቹ ይመለሳሉ። ሕጉ ነው። ምግብ አልበላ ያለኝ ቀን አለ፣ አልደብቅዎትም። ግን ይመለሳሉ።"

"አየሽ?" አልኩ ወደ ልጄ ዞሬ። "አየሽ አይደል?" ያሸነፍኩ መስሎኝ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።

ውኃው ዳር ደርሼ ቆምኩ። ይመልሱታል። ወንድሜን አውጥተው ይመልሱታል። ንዴቱ እንዳለ ነበር፣ ግን ያቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ይመልሱታል... ወዴት? በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሻይ አጠጥተው፣ ወደ መጣበት። ኮምቦልቻ። ባዶ እጁን፣ አኩርፎ፣ ሰው ፊት መውጣት አፍሮ። እናቴ "ደግ አደረጉህ! ማን ሂድ አለህ?" ብላ ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮህበታለች፤ ከዚያ ቁጭ አድርጋ ታበላዋለች። ይሄኔ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸብቶ፣ በስልክ ስንጨቃጨቅ ነበር።

ልጄ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ይመልሱት ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ አባዬ። ኢትስ ሃርድ፣ እኔም እሱን ሳስበው..."

"አልገባሽም። ይመልሱት ነበር እኮ! ቤቱ!"

ያኔ ገባት። አንገቴን አቀፈችኝ፣ እኔም ያ ሁሉ ዓመት ያላለቀስኩትን ለቅሶ ባዕድ አገር፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን ለቀቅሁት። ሰዎችን መመለሱ ልክ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም በቴሌቪዥን ሳይ ያበሳጨኛል። ልጄም ልክ ነው ብላኝ አታውቅም። ግን የሚመለሰው የተረፈ ሰው ነው። ወንድሜ የሚመልሰው እንኳ አላገኘም።

እዚያው ውኃው ዳር እጄን ዘረጋሁ። "አላህ ይድረስልሽ፤ አንቺንም ለጨነቀው የምትደርሺ ያድርግሽ" አልኳት። አሚን አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። ለሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው "ሰጥቻለሁ" ስላቸው ሐጂ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ያ ወዳጄ ደግሞ "ጥሎሹስ?" አይል መሰላችሁ! በትራስ ወረወርኩት።

ሥልጠናዋን ጨርሳ ፍሎሪዳ መደቧት። ሥራ ከጀመረች በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ኤርፖርት ተራ ይዤ ተሳፋሪ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ድምፅዋ ደክሟል።

"አባዬ፣ ዛሬ ጀልባ ተገልብጦ ወጥተን ነበር። ሕፃናትም ነበሩበት።"

ከኋላዬ ያለው ታክሲ ወደ ፊት ሂድ ብሎ ክላክስ ያደርግብኛል፤ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ልጠይቃት ፈለግሁ፣ መልሱን ፈራሁት። እንደምንም "ስንቱን አገኛችሁ?" አልኳት።

"ሁሉንም" አለች። "ሁሉንም፣ አባዬ።"